የማን ጥረት? ዕጣ ፈንታ፣ የሰው ድርጊትና የረሃብ ምክንያት በኢትዮጵያ (1880–2008 ዓ.ም.)

አኅጽሮተ ጥናት

መከራ ሲደርስ «ዕጣ ፈንታ ነው» ወይስ «የሰው ሥራ ነው» የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ይህ ጽሑፍ ክርክሩን በኢትዮጵያ የረሃብ ታሪክ አማካይነት ይመረምራል። ለዚህም አራት ወቅቶች ተመርጠዋል፤ እነርሱም ክፉ ቀን (1880–1884)፣ የወሎ ረሃብ (1965–1966)፣ የ1977ቱ ረሃብ እና የ2008ቱ ድርቅ ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ ሁለት ነጥቦች አሉት። አንደኛ፣ «አደጋው ለምን መጣ?» እና «ጉዳቱ ለምን በእነዚህ ሰዎች ላይ ወደቀ?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ከሰው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ግን እጅግ በአብዛኛው የሰው ሥራ ውጤት ነው። ሁለተኛ፣ የሰውን ጥረት እንደ ምክንያት ማቅረብ ብቻውን አይበቃም፤ የጎደለው የማን ጥረት እንደ ሆነ ካልተለየ፣ ማብራሪያው ተጎጂውን ወደ መውቀስ ይሄዳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባሉ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ በተጻፉ ጥናቶች ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኝ አንድ አስተያየት አለ፤ ገበሬው መከራን ሁሉ ለፈጣሪና ለዕድል የሚሰጥ በመሆኑ ለለውጥ አይተጋም የሚል ነው። ለአስተያየቱ ማስረጃ ሆነው የሚቀርቡት ብዙውን ጊዜ የተለመዱ አባባሎች ናቸው። «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ይባላል፤ «ካልታደሉ አይታገሉ» ይባላል። ሆኖም ያው ተናጋሪ፣ ያው ቋንቋ፣ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። አባባሎቹን ከነገር አውድ ነጥሎ የሚደረድር ተመራማሪ የፈለገውን ድምዳሜ ከመዝገበ ምሳሌው ማውጣት አይቸግረውም።

አውዱ ሲታይ ግን ሥርዓት ይገለጣል። የመጀመሪያዎቹ አባባሎች የሚነገሩት በአመዛኙ ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ በለቅሶ ቤት ወይም በማጽናኛ ጊዜ ነው። ኋለኞቹ የሚነገሩት ሥራ ሳይጀመር፣ ደቦ ሲጠራና ሰው ሲሰበሰብ ነው። የዕድል ንግግር ያለፈውን ለመሸከም ያገለግላል፤ የጥረት ንግግር የሚመጣውን ለመግጠም ያገለግላል። ሁለቱ አብረው የሚኖሩት ተናጋሪው ስለ ተምታታበት ሳይሆን የየራሳቸው ጊዜና ሥራ ስላላቸው ነው። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው «ሕዝቡ በዕጣ ያምናል ወይስ በጥረት?» የሚለው አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ አንድ የተወሰነ መከራ ሲደርስ የትኛው ማብራሪያ የትኛውን እውነታ ይገልጣል፣ የትኛውንስ ይሸፍናል የሚለው ነው። ረሃብ ለዚህ ምርመራ የተመቸ ጉዳይ ነው፤ በአንድ በኩል የዝናብ መጥፋትና የወረርሽኝ መግባት ይገኙበታል፣ በሌላ በኩል ግብር፣ ገበያ፣ መሬት፣ ጦርነትና የመንግሥት ውሳኔ ይገኙበታል።

2. ማዕቀፉ፦ ሁለት ጥያቄዎች

እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ሥራው በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን የሚኖሩትን የአዛንዴ ሰዎች አስተሳሰብ ሲገልጽ የታወቀ ምሳሌ ይሰጣል። በምሰሶ ላይ የተሠራ ጎተራ ይወድቅና ከሥሩ ጥላ ፍለጋ የተቀመጡ ሰዎችን ይጎዳል። አዛንዴዎቹ ምሰሶውን ምስጥ እንደ በላው ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሰዎቹ እዚያ የተቀመጡት ከፀሐይ ለመሸሽ መሆኑንም ያውቃሉ። የሚጠይቁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጎተራው በዚያች ሰዓት፣ በእነዚያ ሰዎች ላይ ለምን ወደቀ? ለዚህ ጥያቄ መልሳቸው ጥንቆላ ነው። መልሱን መቀበል ግድ አይደለም፤ ጥያቄውን መለየታቸው ግን ትክክል ነው። አደጋው ስለ መጣበት ምክንያት የሚሰጠው ማብራሪያ፣ አደጋው ማንን እንደ መታ አይገልጽም።

ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ልዩነት በአውሮፓ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1755 ሊዝቦን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ቮልቴር ፈጣሪ ሁሉን ለበጎ አደራጅቷል የሚለውን ፍልስፍና የሚነቅፍ ግጥም ጻፈ። ሩሶ በማግሥቱ ዓመት በላከለት ደብዳቤ ግን ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሰው፤ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ፎቅ ቤቶችን በአንድ ቦታ አጠጋግቶ የሠራው ተፈጥሮ አለመሆኑን አስታወሰው። መሬት መንቀጥቀጧ ከሰው አይደለም፤ የሞቱት ሰዎች ብዛት ግን ከአሠራራቸው ጋር የተያያዘ ነው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጁዲት ሽክላር የኢፍትሐዊነትን ገጽታዎች በመረመረችበት መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 1990) ነገሩን ወደ ፖለቲካ አመጣችው። በመጥፎ ዕድልና በኢፍትሐዊነት መካከል ያለው ድንበር በተፈጥሮ የተሰመረ አይደለም፤ ድንበሩን የሚያሰምሩት ሰዎች ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ጉዳቱን ማስቀረት ሲችሉ ያላስቀሩት ናቸው። ትናንት መጥፎ ዕድል ተብሎ የታለፈው፣ መከላከያው ሲገኝ ዛሬ በደል ይሆናል።

ይህ ልዩነት ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም። «ዕጣ ፈንታ» የሚለው የአማርኛ ሐረግ ራሱ የክፍፍል ቋንቋ ነው፤ ዕጣ የሚጣለው ድርሻ ሲለይ ነው፣ ፋንታ ደግሞ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ድርሻ ነው። በቅርጫ ሥርዓት ይህ በግልጽ ይታያል። በሬው ታርዶ ሥጋው በመደብ በመደብ ይደረደራል፤ መደቦቹ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ከአንዱ ተነሥቶ በሌላው ላይ ይጨመራል፤ ዕጣ የሚጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ዕጣው የሚወስነው የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስ ነው። መደቦቹን እኩል ወይም እኩል ያልሆኑ የሚያደርጋቸው ግን የሰው እጅ ነው። መደቡ ሲዛነፍ ዕጣውን መውቀስ አያስኬድም። የሚቀጥሉት ክፍሎች አራቱን ወቅቶች በዚህ ሚዛን ይመለከታሉ።

3. ክፉ ቀን፣ 1880–1884

የዘመኑ ስም ራሱ ትኩረት ይስባል። «ክፉ ቀን» ሲባል ክፋቱ የተሰጠው ለቀኑ ነው፤ በስሙ ውስጥ አድራጊ የለም። ስሙ የመጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። መከራው ከብዙ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ስለ ወረደ ለአንድ አድራጊ ለመስጠት አስቸጋሪ ነበር። በአማርኛ «ደስታ» የሚባለው የከብት ወረርሽኝ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ክፍል ፈጀ። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከተሉ። ከዚያም በረሃብ የተዳከመውን ሰው ኮሌራና ፈንጣጣ ፈጁት። የሞተውን የቆጠረ አልነበረም፤ ከሕዝቡ ሲሶው አልቋል የሚለው ግምት በሰፊው ይጠቀሳል።

ሁለቱ ጥያቄዎች ሲነጠሉ ግን በስሙ የተሸፈነው አድራጊ ብቅ ይላል። የከብቱ በሽታ ከሰማይ አልወረደም፤ በምጽዋ በኩል ለጣሊያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር እንደ ገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ገበሬው ይህን ሊያውቅም ሊያስቀርም አይችልም ነበር፤ በሽታው ለእርሱ በእውነት ዕጣ ነበር። በሬው ከሞተ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። የደጋው እርሻ በጥማድ በሬ ላይ የቆመ ስለ ነበር፣ በሬው ሲያልቅ ዝናብ የጣለበት ማሳም ጦሙን ያድራል። በዚህ ላይ በገበሬው ቤት የሚሰፍረውና ከገበሬው ጎተራ የሚቀለበው ወታደር ነበረ። ወታደሩ የሚመራበት ሥርዓት መጥፎ ዓመትን ከደግ ዓመት አይለይም፤ ስለዚህ የቀረችው እህል ከአምራቹ እጅ የምትወጣው በችግሩ ሰዓት ነበር። መደቡ አስቀድሞ ተዛንፎ ነበር ማለት ነው።

የዘመኑ ምላሽም ለክርክሩ ትምህርት ይሰጣል። ሕዝቡ ምሕላ ያዘ። ዳግማዊ ምኒልክ በበኩላቸው እህል ከማደላቸው ሌላ፣ በሬ ያለቀበት ገበሬ በእጁ እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው በአደባባይ መሬት ቆፈሩ። ይህ ድርጊት በዚያ ማኅበረሰብ ዘንድ ከጸሎት ጋር የሚጋጭ ሆኖ አልታየም። መዓቱን ከፈጣሪ ነው ያለ ሰው ዶማ ከማንሣት አልተከለከለም። የዕጣ ማብራሪያ እጅ ያስራል የሚለው ግምት በዚህ ቦታ አይጸናም።

የደስታ በሽታ ታሪክ መጨረሻው ደግሞ ከመነሻው ይበልጥ አስተማሪ ነው። በሽታው ከክፉ ቀን በኋላም ለአንድ መቶ ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቆየ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ተገኝቶ ከአፋር አርብቶ አደሮች መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ማቀዝቀዣ በማይደርስበት ቆላ ከብቱን ከተቡ፤ ለዓመታት በሽታው ሳይጠፋ የቆየበት አካባቢ ነጻ ወጣ። በሰኔ 2003 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱን አወጀ። በሰው ጥረት ከምድር ከጠፉ በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ይህ ነው። ለአንድ ትውልድ ዕጣ የነበረው ነገር ለሌላው ትውልድ ሥራ ሆነ። ሥራውን የሠራው ግን ብቻውን የተጋ ገበሬ አይደለም፤ ቤተ ሙከራ፣ መንግሥታት፣ ዓለም አቀፍ ድርጅትና ከብቱን የሚያውቀው አርብቶ አደር አብረው ነው።

4. ወሎ፣ 1965–1966

በወሎ የዝናብ መጥፋት እውነት ነበር፤ ምርቱም በጠቅላይ ግዛቱ ክፉኛ ቀንሷል። ይሁን እንጂ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በአገር ደረጃ የነበረው እህል ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከረሃቡ ክብደት ጋር የሚመጣጠን ጭማሪ አላሳየም። ከዚያም አልፎ ሕዝቡ በሚራብበት ጊዜ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? የሴን መልስ፣ ረሃብ የሚደርሰው ምግብ ስለሌለ ብቻ ሳይሆን ሰዎች ምግቡን የሚያገኙበት መንገድ ሲዘጋባቸው ነው የሚል ነው። የገበሬው ምርት ምግቡም ገቢውም ነው። ምርቱ ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም ያጣል። ገንዘብ የሌለው ገዢ ዋጋ አያስወድድም፤ ስለዚህ ገበያው ዝም ይላል፣ ነጋዴውም እህሉን ገዢ ወዳለበት ይወስዳል። የዋጋው አለመናር የጥጋብ ምልክት መስሎ ለማየት ለፈለገ ሁሉ ረሃቡን ሸፈነው።

የአፋር አርብቶ አደሮች ጉዳይ ሁለተኛውን ጥያቄ ይበልጥ ግልጽ ያደርጋል። አርብቶ አደሩ ድርቅን ለመቋቋም የሚተማመነው በአዋሽ ዳር በነበረው የበጋ ግጦሽ ላይ ነበር። ከድርቁ በፊት በነበሩት ዓመታት ከዚያ መሬት ብዙው ለመስኖና ለጥጥ እርሻ ተሰጥቶ ነበር። ድርቁ ሲመጣ መሸሻው አልነበረም። ከብቱ ሞተ፤ የተረፈውን ለመሸጥ የወጣው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለ ወጣ የከብት ዋጋ ወደቀ፤ አንድ ላም የምትገዛው እህል አነሰ። ይህን ሰው «ዝናብ ገደለው» ማለት ስሕተት ባይሆንም እጅግ ጎደሎ ነው።

መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 የነበረውን ጊዜ ባጠኑበት ሥራቸው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። በእርሳቸው አቀራረብ ለረሃብ የሚያጋልጠው ድርቅ ራሱ ሳይሆን ገበሬውን ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ኑሮ አስሮ ጥሪት እንዳይዝ የሚያደርገው የማኅበራዊና የፖለቲካ ኃይሎች ጫና ነው። ጥሪት ያለው ሰው አንድ መጥፎ ዓመት ያልፋል፤ የተራቆተ ሰው አያልፍም።

ረሃቡ በመጀመሪያ በባለሥልጣናት ዘንድ በዝምታ ታለፈ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ ለግቢው አሳዩ፤ የተማሪው ተቃውሞ ተቀጣጠለ። በ1966 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ረሃቡን ለዓለም ገለጠ። ይኸው ፊልም በቤተ መንግሥቱ የድሎት ምስሎች ታጅቦ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን በወረዱበት ዋዜማ ነበር። በዚያች ሌሊት የረሃቡ ማብራሪያ ከዕጣ ወደ ሰው ሥራ በይፋ ተሻገረ። ማብራሪያው ዙፋን የሚያናውጥ ኃይል እንዳለውም ታየ።

5. 1977፦ ማብራሪያው ባለቤቱን ሲቀይር

ከዐሥር ዓመት በኋላ የሆነው ለዚህ ጥናት ዋነኛ ማስረጃ ነው። በ1967 ረሃቡን የአገዛዝ ወንጀል ብሎ ሥልጣን የያዘው ኃይል፣ በ1977 የራሱ ረሃብ ሲገጥመው ይበልጥ የተናገረው ስለ ድርቅ ነበር። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 አደጋው መቃረቡን አስጠንቅቆ ነበር። መስከረም 1977 ግን የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በታላቅ ድምቀት የተከበረበት ወር ሆነ። ለጋሽ መንግሥታትም ቢሆኑ ማስጠንቀቂያውን ሰምተው በቂ ምላሽ ሳይሰጡ ወራት አለፉ።

በዚህ ረሃብ እጅግ የተጎዱት ትግራይና ሰሜን ወሎ ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ጦርነት የሚካሄድባቸው ነበሩ። አሌክስ ደ ቫል እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት የዘመቻው ስልት፣ ማለትም የገበያ ቦታዎች መደብደብ፣ የእህልና የሰው እንቅስቃሴ መታገድ፣ ረሃቡን ካባባሱት ነገሮች ዋነኛው እንደ ነበር ያስረዳል። ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያነሣው የሰፈራ ዘመቻም፣ በጥድፊያና ብዙ ጊዜ በግዳጅ በመካሄዱ፣ ለመድኃኒት የታሰበው ነገር ተጨማሪ የሞት ምክንያት ሆነ። የሟቾቹ ግምት ከ400,000 እስከ 1,000,000 ይደርሳል።

የዕጣ ቋንቋ የገበሬ ብቻ እንዳልሆነም በዚህ ጊዜ ታይቷል። የእንግሊዙ ቴሌቪዥን ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ረሃቡን በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ከደረሰ መቅሠፍት ጋር አመሳሰለው። አገላለጹ የዓለምን ልብ ነክቶ ብዙ ዕርዳታ አስገኝቷል፤ በዚያው ልክ ግን ጦርነቱን ከምስሉ አወጣው። መንግሥት «ድርቅ» ሲል፣ ጋዜጠኛው «መቅሠፍት» ሲል፣ ሁለቱም አድራጊ የሌለበት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ገበሬው «የፈጣሪ ቁጣ» ሲል ግን ሌላ ነገር አለ፤ ቁጣ ያለ ምክንያት አይመጣምና «ማን ምን ግፍ ሠራ?» የሚል ጥያቄን ያስከትላል። ከሁሉም ይበልጥ ተገዢ የመሰለው ማብራሪያ፣ ሲመረመር ኃላፊነትን ፈጽሞ ያልዘጋው እርሱ ነው።

6. 2008 እና ከዚያ በኋላ

እ.ኤ.አ. 1972–73 እና 2015–16 ሁለቱም ኃይለኛ የኤልኒኞ ጊዜያት ነበሩ። የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ የኢትዮጵያን ክረምት ያዳክማል፤ ይህን የሚያስቀር ገበሬም መንግሥትም የለም። የመጀመሪያው በወሎ ብቻ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለቁበት፣ በከፍተኛው ግምት እስከ 200,000 የሚደርሱ ሰዎች የሞቱበት ነው። በሁለተኛው 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ተገለጸ፤ ብዙ ከብት አለቀ፣ የሕፃናት የምግብ እጥረትም ከባድ ነበር፤ ነገር ግን የጥንቱ ዓይነት የጅምላ እልቂት አልደረሰም።

ልዩነቱ በዝናቡ አይገለጽም። በመካከሉ የተሠራው ብዙ ነው፤ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት፣ የመጠባበቂያ እህል ክምችት፣ መንገድ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በ1997 የተጀመረውና በድርቁ ወቅት ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ያቅፍ የነበረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ይገኙበታል። ይህ ፕሮግራም ገበሬው በሬውን ሳይሸጥ መጥፎውን ወቅት እንዲያልፍ የታቀደ ነው። ሰማዩ ያው ነው፤ መደቦቹ ግን በጥቂቱም ቢሆን ተስተካክለዋል።

ይህ ማለት ድሉ የማይመለስ ነው ማለት አይደለም። ሰኔ 2013፣ በትግራይ ጦርነት ወቅት፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የተሳተፉበት ትንተና ከ350,000 በላይ ሰዎች በመጨረሻው የረሃብ ደረጃ ላይ እንደ ነበሩ ገለጸ፤ መንግሥት ትንተናውን አልተቀበለም። የቁጥሩ ክርክር ምንም ይሁን ምን፣ የረሃቡ ዋና ምክንያት ጦርነቱ እንጂ ሰማዩ አልነበረም። በሰው ጥረት የተገነባው በሰው ድርጊት ሊፈርስ ይችላል።

7. ጥረት ሲወቅስ

እስካሁን የቀረበው ማስረጃ የሰውን ድርጊት ክብደት ያሳያል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ የተራበ ሰው ስላልሠራ ነው» ወደሚል ድምዳሜ መዝለል ግን ከዕጣ ማብራሪያ የባሰ ስሕተት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሜልቪን ለርነር ሰዎች ዓለም ፍትሐዊት ናት ብለው ማመን ስለሚፈልጉ፣ ሊረዱት የማይችሉትን ተጎጂ ሲያዩ ለጉዳቱ የሚገባው ጥፋት እንዲፈልጉለት እንደሚገፋፉ አሳይቷል። የኢዮብ ወዳጆች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ መከራውን አይተው ኃጢአቱን ፈለጉ፤ መጽሐፉ ግን በመጨረሻ የሚነቅፈው እነርሱን ነው።

የደሳለኝ ራህመቶ ጥናት በዚህ ረገድ ትልቅ ዋጋ አለው። በወሎ፣ በአምባሰል፣ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ገበሬው እንዴት ለመኖር እንደ ታገለ ሲመረምሩ፣ ያገኙት እጁን አጣጥፎ ዕጣውን የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ገበሬው ምልክቱን አስቀድሞ ያያል። ምግቡን ይቀንሳል፤ ለሥራ ወደ ሌላ አካባቢ ይሄዳል፤ ከዘመድ ይበደራል፤ ከዚያ ንብረቱን ይሸጣል፤ ቀዬውን ጥሎ የሚወጣው ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ነው። በመጠለያ ጣቢያ በር ላይ የሚታየው ሰው የጥረት እጦት ምሳሌ አይደለም፤ ጥረቱን ሁሉ የጨረሰ ሰው ነው። የጎደለው ከእርሱ ሳይሆን ከእርሱ በላይ ካለው ደረጃ ነው፤ ከመንገዱ፣ ከክምችቱ፣ ከማስጠንቀቂያው፣ ከውሳኔው።

«ጥረት» የሚለው ቃል ስለዚህ መከፈል አለበት። የግለሰብ ጥረት አለ፤ ይህ በአራቱም ወቅቶች አልጎደለም። የጋራና የተቋም ጥረት አለ፤ ይህ ሲጎድል ሰው አልቋል፣ ሲኖር ሰው ተርፏል። ሦስተኛም አለ፤ ለጉዳት የዋለ ጥረት፣ እህል የሚያግድ፣ ገበያ የሚደበድብ። «ድር ቢያብር» የሚለው አባባል ስለ አንድ ክር ብርታት አይናገርም፤ ስለ ማበሩ ነው። የጥረት ማብራሪያ ፍትሐዊ የሚሆነው በዚህ ትርጉም ሲወሰድ ነው።

በሃይማኖቶቹም ውስጥ ይህን የሚከለክል ነገር የለም። የኦርቶዶክስ ክርስትና ትምህርት የፈጣሪን መግቦት ከሰው ነጻ ፈቃድ ጋር አብሮ ይይዛል። በእስልምና ቀደር የእምነት መሠረት ሲሆን፣ በአላህ ከመመካት በፊት ግመልን የማሰር ግዴታን የሚያስተምረው ሐዲስ በሰፊው ይታወቃል። ሁለቱም ዘንድ የመለኮት ውሳኔ የጎረቤትን ግዴታ አይሽርም፤ ዘካና ምጽዋት የታዘዙት ለተቸገረ ሰው ነው፣ የችግሩም ምክንያት ቀድሞ አይጣራም።

8. ማጠቃለያ

ዕጣም ጥረትም ብቻቸውን መከራን አይገልጹም። ዕጣ የሚባለው ነገር እውነተኛ ቦታ አለው፤ ማንም በድርቅ ዓመት ለመወለድ አልመረጠም፣ በአንድ ቤት ካሉ ሁለት ሕፃናት አንዱ ለምን እንደ ሞተ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። ለዚህ ዓይነቱ ኀዘን የዕድል ቋንቋ ያስፈልጋል፤ የሞተበትን ሰው ከጸጸት ያድነዋልና። ሽምግልናውም ማጽናኛውም በዚህ ቋንቋ መነገሩ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም።

ያው ቋንቋ ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ወደ ቢሮ ሲገባ ግን ሥራው ይለወጣል። ሐዘንተኛ «ዕጣ ነው» ሲል ይጽናናል፤ ኃላፊ «ዕጣ ነው» ሲል ያመልጣል። «የተፈጥሮ አደጋ» የሚለው የሪፖርት ሐረግም ሳይመረመር ሲጻፍ ይህንኑ ማምለጫ ያበጃል። ስለዚህ ረሃብን፣ ጎርፍን፣ ወረርሽኝን ወይም የመሬት መንሸራተትን የሚያጠና ተመራማሪ ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ ቢያነሣ ይጠቅማል። አደጋው ለምን መጣ? ጉዳቱ ለምን በእነዚህ ሰዎች ላይ ወደቀ? የጎደለው ወይም ለጉዳት የዋለው የማን ጥረት ነው? የመጀመሪያውን የአየር ጠባይ ባለሙያው ይመልሳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን መሬትን፣ ገበያን፣ ሕግንና ሥልጣንን ካልመረመሩ አይመለሱም።

በአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ የደስታ በሽታ ከዕጣነት ወደ ታሪክነት ተሸጋግሯል። የዝናብ መጥፋት አልተሸጋገረም፤ ሊሸጋገርም አይችል ይሆናል። የዝናብ መጥፋት ረሃብ እንዳይሆን ማድረግ ግን እንደሚቻል ታይቷል። የሚቻል መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚደርስ ረሃብ በሙሉ ክፉ ቀን ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ መደቡን ያዛነፈው እጅ ሊጠየቅበት ይገባል።